ቀብሩን ማን ያዝዘዋል?

እስቲ ስሙኝማ! ቡታጅራ ተወልደው መርካቶ ያረጁ አንድ ነጋዴ ሌሊቱን አረፉ እንበል። ትልቁ ልጃቸው ከአሜሪካ ለጥየቃ መጥቶ እዚሁ ነበር። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ቶሎ የሚደወለው ለቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ነውና፣ እንባውን እየጠረገ "የትኛውን ልጥራ?" አለ። እውነትም ሳጥን ሻጩም፣ አስከሬን የሚጭነው መኪናም አዲስ አበባ ሞልቷል። እናቱ ግን "ዝም በል ልጄ፤ የእድሩ ዳኛ እየመጡ ነው" አሉት።

ዳኛው መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ከች! ሟቹ ቀባሪያቸውን የመረጡት በጎልማሳነታቸው፣ የወር መዋጮ መክፈል የጀመሩ ዕለት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ዋጋ የጠየቀ የለም።

ይህንን እድር የሚሉትን ነገር አዲስ አበባ ላይ ያቆሙት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሥራ የፈለሱ ጉራጌዎች ናቸው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። አያስገርምም። አገሩ ዘመድ የሚቀብረው ሰው፣ ከተማ ብቻውን ሲሞት ማን ያንሳው?

ምርጫውስ? ምርጫው ሌላ ቦታ ነበር፦ እዚህ ይቀበሩ ወይስ አገር ቤት? ልጆቻቸው ተሟገቱ፣ ሽማግሌ ገባ፣ አገር ቤት አሸነፈ። የወልቂጤ ሰው ቢሆኑ በጅማ መንገድ ይወርዱ ነበር፤ የቡታጅራ ናቸውና በዓለምገና፣ በመልካ ቁንጥሬ አድርገው ጢያ ደረሱ። ዩኔስኮ የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች መቃብር ላይ ነው የቆሙት። የእነዚያስ እድር ዳኛ ማን ነበር ይሆን?

ቡታጅራ የአገሩ እድር ጉድጓዱን አስቆፍሮ ጠበቃቸው። ከለቀስተኛው ነጠላ ያዘቀዘቀም፣ ኮፊያ ያደረገም ነበረበት። ሟቹ ሙስሊም ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በፈጠነ፤ ከፈን፣ የጀናዛ ሶላት፣ ከተቻለ በዕለቱ ቀብር።

ከሠልስት በኋላ ዳኛው መዝገቡን ገለጡ። "የአባታችሁን ቦታ ማን ይተካል?"

"እኔ በየወሩ ከአሜሪካ እልካለሁ፣ ጋሼ።"

"ገንዘቡስ ይደርሳል። ታናሽህ ይመዝገብ። ቀብር ከቀረ ግን ቅጣት አለው፣ ንገረው።"