የሕዋስ እርጅናና የነቀርሳ ሕክምና፤ አጭር የታሪክ ቅኝት

በሕክምና ታሪክ ውስጥ የታላላቅ ሊቃውንት ስሕተት ዕድሜው ረዥም ነው። ስሙ የገነነ ሰው የተናገረውን ለመመርመር የሚደፍር ጥቂት ነውና። የሕዋስ እርጅና ታሪክም የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ስሕተት ነው።

ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከዶሮ ሽል ልብ የወሰደውን ሥጋ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ጀመረ። ሕዋሳቱ እርሱ ከሞተ በኋላ እንኳ እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ እንደኖሩ ተነገረ። ከዚህም የተነሣ ሕዋስ ከአካል ተለይቶ ከተመገበ ሞት የለበትም የሚል እምነት ጸና። ሕዋሳቱ የሞቱበት ተመራማሪ ሁሉ ጥፋቱን በእጁ ጉድለት ያመካኝ ነበር።

ይህን እምነት የናዱት በፊላዴልፊያ የዊስታር ተቋም ባልደረቦች የነበሩት ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሰው ሽል የተወሰዱ ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ እንደሚቆሙ አስረዱ። የሙያ ጉድለት ነው እንዳይባሉም፣ ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሕዋሳትንና ገና ወጣት የሆኑ የሴት ሕዋሳትን በአንድ ዕቃ ቀላቅለው አሳደጉ። በመጨረሻ የተገኙት የሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ምግቡም ዕቃውም አንድ ሆኖ ሳለ ያረጁት ብቻ በመጥፋታቸው፣ የእርጅና ምክንያት በሕዋሱ ውስጥ እንዳለ ታወቀ።

ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ከሄንሪዬታ ላክስ የማሕፀን በር ነቀርሳ፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰዱት ሕዋሳት እስከ ዛሬ መከፋፈላቸውን አላቋረጡም። ልዩነቱ ከምን መጣ? ሶቪየታዊው አሌክሴይ ኦሎቭኒኮቭ በ1971 ዓ.ም. የክሮሞዞም ጫፍ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር እንደሚያጥር ገመተ። ኤልሳቤጥ ብላክበርንና ካሮል ግራይደር ደግሞ ጫፉን መልሶ የሚያስረዝመውን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኤንዛይም ማግኘታቸውን በ1985 ዓ.ም. አሳወቁ። በ1994 ዓ.ም. ይኸው ኤንዛይም ከ100 የነቀርሳ ናሙና በ90 ያህሉ ሲሠራ ተገኘ። ስለዚህ እርጅና አካል ነቀርሳን የሚከለክልበት አጥር ሲሆን፣ ነቀርሳ ይህን አጥር የዘለለ ሕዋስ ነው።

አጥሩ የሚታጠረው በዕድሜ ብዛት ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ማኑኤል ሴራኖና ባልደረቦቹ ነቀርሳ አምጪውን ራስ የተባለ ጂን በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ሕዋሱ በመባዛት ፈንታ ያለ ዕድሜው አረጀ። በቆዳ ላይ የሚታየው፣ ሕዝባችን «ማርያም የሳመችው» የሚለው ጥቁር ምልክትም አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አምጪ የጂን ለውጥ ይዞ ሳለ ለብዙ ዘመን ጸጥ ብሎ የሚኖረው በዚሁ ምክንያት መሆኑ በ2005 ዓ.ም. ተገለጸ።

ለእኛ ለባለሙያዎች የሚያሳስበው የሚከተለው ነው። ጨረርና እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች የነቀርሳን ሕዋስ ሁሉ አይገድሉም፤ ከፊሉን ያስረጁታል። እብጠቱ ማደጉን ስለሚያቆም ሐኪሙም በሽተኛውም ይደሰታሉ። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የጁዲት ካምፒሲ የምርምር ቡድን እንዳሳየው፣ ያረጀ ሕዋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ብግነት የሚቀሰቅሱና ጎረቤት ሕዋሳትን ለእድገት የሚገፋፉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። አመድ መስሎ የተዳፈነ ረመጥ ነው ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ያረጁት ሕዋሳት ሲወገዱ ድካሙም የበሽታው ማገርሸትም ቀነሰ።

ከዚህም አንድ አዲስ ሐሳብ ተወለደ፤ ይኸውም ነቀርሳውን በመጀመሪያ ማስረጀት፣ ቀጥሎም ያረጀውን መጥረግ ነው። ዳሳቲኒብና ኬርሴቲን የተባሉት ጥምር መድኃኒቶች ያረጁ ሕዋሳትን ለይተው እንደሚገድሉ በ2015 ዓ.ም. ቢታወቅም፣ በነቀርሳ በሽተኞች ላይ ያላቸው ጥቅም ገና በሙከራ ላይ ነው። ስለዚህ ተስፋውን እንደ ፈውስ አድርገን ለበሽተኞቻችን ልንነግር አይገባም።

የካሬል ታሪክ የሚያስተምረን ማየት የምንመኘውን እንዳየነው አድርገን መቀበል ምን ያህል ዘመን እንደሚያስከፍል ነው። እኛም የእብጠትን መቆም የነቀርሳ ሞት አድርገን ብንቆጥር ያንኑ ስሕተት መድገማችን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በሽተኛው ነው።