አሥራ አንዱም «ሞኖሊቲክ» ናቸውን?

ስለ ላሊበላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው «ሞኖሊቲክ» የሚለውን ቅጽል ሳያገኝ አይቀርም። በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ዩኔስኮ እንኳ በአጭር መግለጫው አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል። ቃሉ በትክክል የሚስማማው ግን ለአራቱ ነው፤ ለቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ለቤተ ማርያም፣ ለቤተ አማኑኤልና ለቤተ ጊዮርጊስ።

ቅጽሉ ከግሪክ የመጣ ነው። «ሞኖስ» አንድ፣ ብቸኛ ማለት ሲሆን «ሊቶስ» ደግሞ ድንጋይ ነው። በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገብቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ ድንጋይ ለወጣ ዓምድ፣ ሐውልት ወይም ሕንፃ መጠሪያ ሆነ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖለቲካው ወሰደውና የሐሳብ ልዩነት ለማይታይበት ፓርቲና መንግሥትም ይነገር ጀመር። የአማርኛ ተርጓሚዎች «አንድ ወጥ» ሲሉት ሁለቱንም ፍቺ ይይዙለታል፤ ወጥ ድንጋይም ወጥ አቋምም እንላለንና።

ቃሉ ላሊበላ ያለችበት ላስታ ከመድረሱ በፊት የጠራቢዎቹ ሥራ ለአውሮፓ ተነግሯል። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በዝርዝር ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። አልቫሬዝ ያየውን ከተረከ በኋላ አንባቢ ውሸታም እንዳይለው ሰግቶ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል።

ቅጽሉን በመጽሐፍ ርእስ ላይ ከላሊበላ ጋር ያጣመረው ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ፓሪስ ላይ ስለ «ላሊበላ ከተማ ሞኖሊት አብያተ ክርስቲያናት» መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያናዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴ የተሻለ ጥንቃቄ አድርጓል። የመጽሐፉ ርእስ ሁለት ቅጽሎች አሉት፤ አንዱ ከመሬት በታች ያሉትን፣ ሌላው ሞኖሊቲክ የሆኑትን ይመለከታል። ይህን ልዩነት ከዚያ በኋላ የመጡት አልጠበቁትም። እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ የወጣው የኢርምጋርድ ቢደር መጽሐፍ በርእሱ ላይ ያስቀረው ሞኖሊቲክን ብቻ ነው፤ ዛሬም አስጎብኚውና ጎብኚው የሚቀባበሉት ይህንኑ ነው።

የአንድ ድንጋይ ነገር የራፍሬ ግኝት ነው ማለት ግን አይቻልም። ከእሱ በፊት ለዘመናት በግእዝ ሲነበብ የኖረው ገድለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱ ከአንድ ድንጋይ መውጣታቸውን ይናገራል። ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን ከገድሉ ከፊሉን ተርጉሞ ፓሪስ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከራፍሬ መጽሐፍ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው።

በሞኖሊቲኮቹና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች ከቆመበት መሬት ጋር እኩል ተዘርግተው ያገኛቸዋል። ግድግዳው ከዚያ ወደ 12 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠራቢዎቹ ዙሪያውን ቆፍረው አለቱን ለብቻው አቆሙ፣ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡም መስኮቱን፣ በሩንና ውስጡን አወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእናት አለቱ ጋር የተያያዘው በመሠረቱ ብቻ ነው። ቤተ አባ ሊባኖስ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አራቱም ጎኖቹ ሲላቀቁ ጣሪያው ከላዩ ካለው ገደል ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል። ቤተ መርቆሬዎስ ደግሞ ዋሻ ነው። እነዚህን ሁሉ ሞኖሊቲክ ብሎ መጥራት ጠራቢዎቹ ለእያንዳንዱ አለት የመረጡትን የተለየ ዘዴ ይሸፍነዋል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ስሕተቱ ይብሳል። ገነተ ማርያም በእርግጥ ከአለቱ የተላቀቀ ወጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን አልተፈለፈለም፤ በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ በአክሱም ስልት የታነጸ ሕንፃ ነው። «የላስታ ሞኖሊቲክ አብያተ ክርስቲያናት» በሚል ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ግንበኞቹንና አናጢዎቹን ሥራቸውን መንጠቅ ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚበቃ ቃል አለው። «ውቅር» ከግእዙ ወቀረ የመጣ ነው። ላስታም ሆነ ሌላ ገጠር ወፍጮ ያለው ቤት ግሱን ያውቀዋል፤ የወፍጮው ድንጋይ ሲለሰልስና እህል አልፈጭ ሲል በመውቀሪያ እየተመታ ይወቀራል። በትግራይ የምትገኘው የውቅሮ ከተማም ስሟ የዚሁ ቃል ዘር ነው፤ ከአለት የተወቀረው ቤተ ክርስቲያኗ ጨርቆስ ዛሬም አለ። ሌላው ቃል «ፍልፍል» ነው፤ በቆሎ ከምንፈለፍልበት ግስ የወጣ ሆኖ ውስጥን ባዶ የማድረጉን ሥራ ይናገራል።

የግሪኩ ቅጽል ድንጋዩ አንድ መሆኑን ብቻ ይነግረናል። በዚህ መለኪያ ተጭኖ ሮም ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልትና ከተፈጠረበት አለት ንቅንቅ ያላለው ቤተ አማኑኤል አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ውቅር ሲባል ግን መሮ የያዘ ሰው አብሮ ይነሳል። ዩኔስኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ቅርሱን ሲመዘግብ ለስሙ የመረጠው ከአለት መጠረባቸውን የሚናገረውን ነው፤ ሞኖሊቲክ የመጣው በመግለጫው ውስጥ ነው።

ነገሩ ከጥገናም ጋር ይያያዛል። ከአለቱ ተላቅቆ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያውንም አራት ጎኑንም ዝናብና ፀሐይ ያገኘዋል፤ ዋሻ ውስጥ ያለው የሚያሰጋው በላዩ የተንጠለጠለው አለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያ የተተከለው ከአሥራ አንዱ ለተወሰኑት ነው። የመጠለያው ክብደትና አቋቋም በኋላ የነዋሪውን ቅሬታ አስነሥቷል። ስለ ጥገናቸው የሚነጋገር ሁሉ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ከአለቱ በምን በኩል እንደተያያዘ ለይቶ መናገር አለበት።

ስለዚህ የላሊበላ አስጎብኚዎች፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ሁሉንም በጥቅሉ ሲጠሩ ውቅር ይበሉ፤ ወጥ የሚለውን ከአለቱ ለተላቀቁት ያቆዩት፤ ይምርሐነ ክርስቶስንም ሕንፃ ብለው ይጥሩት።