ስድስት ካንዴላ ተቀበሉ

ካንዴላ ማስቀየር ለአንዱ በርካሽ ሲያልቅ ሌላውን ኪሱን የሚያራቁተው ለምንድነው? ልዩነቱ በአብዛኛው ካንዴላው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ ኮሮላ ላይ ከላይ ስለሚገኝ ሥራው ቀላል ነው። ቪ-6 ሞተር ባለው ሃይላንደር ግን ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ሦስቱ ካንዴላዎች ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ በኩል ተደብቀዋል። እዚያ ለመድረስ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይፈታል፤ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ቢቀየር ይመረጣል። የእጅ ዋጋው የሚንረው በዚህ ነው።

ታዲያ የፊቶቹን ሦስት ብቻ ለውጦ የስድስት የሚያስከፍል ጋራዥ አለ። ማን ገልጦ ያያል? እኔ ይህን ማጭበርበር እለዋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 እንደሚለው፣ ሥራ ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ማስገኘት አለበት። ውጤቱ እዚህ ላይ ስድስት አዲስ ካንዴላ ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋውን ከዕቃው ለይታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ስድስቱን አሮጌዎችም ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ከተፈታ አይቀር ኢሪዲየም ይግባበት። ተራው ካንዴላ 50 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያገለግል ይኼኛው ከ100 ሺሕ በላይ ይሄዳል። ሲገዙት ይወደዳል፤ ማኒፎልድ ደጋግሞ ከማስፈታት ግን ይረክሳል። መካኒኩም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፤ አሉሚኒየሙ እንደጋለ ከተፈታ ጥርሱ ሊበላ ይችላል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።