የቀድሞ መኪኖች አካልና የዝገት መከላከያ ታሪክ

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ሲሆን፣ በውሃው ውስጥ ጨው ሲሟሟ ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ ኃይሉ ስለሚጨምር ዝገቱ ይፋጠናል። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አሳሳቢ አልነበረም፤ የመኪናው አካል በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የተለበጠ ስስ ላሜራ ስለነበር፣ ክብደቱን የሚሸከመው ከሥር የተዘረጋው ወፍራም ሻንሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 የበድ ኩባንያ ለመኪና አምራቹ ዶጅ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አካል ማቅረብ ጀመረ፤ በ1922 ላንቺያ ላምዳ፣ በ1934 ደግሞ ሲትሮየን ትራክስዮን አቫን ሻንሲን አስቀርተው ጭነቱን በአካሉ ላይ ሲያሳርፉ፣ ላሜራው ከሽፋንነት ወደ ተሸካሚነት ተሸጋገረ። ከዚያ ወዲህ ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪ ደኅንነት ጉዳይ ሆነ።

የአዲሱ አሠራር ደካማ ጎን ጥንካሬውን ከሚያገኝበት ቦታ አይርቅም። ከበሮቹ ሥር በመኪናው ርዝመት የሚሄደው ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ላሜራዎች ጠርዝ ለጠርዝ በነጥብ ብየዳ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሙቀት እዚህም እዚያም በመጣበቅ፣ የሚሠራ ውስጡ ባዶ ሣጥን ነው። በውጭ የሚረጨው ቀለም ወደዚህ ባዶ ቦታ አይደርስም፤ ጭቃ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ግን እርጥበት በውስጡ ይጠራቀማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ በአውራ ጎዳናዎች ላይ ጨው መበተን ሲስፋፋ ጉዳቱ ገሃድ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ላንቺያ በብሪታንያ ከሞተሩ ሥር ያለው ደጋፊ ማዕቀፍ የሚታሰርበት ቦታ የዛገባቸውን ቤታ የተባሉ መኪኖች ከባለቤቶቻቸው መልሶ እስከመግዛት ደርሷል።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ብሩወር በፎርድ ኩባንያ ያዳበረው ዘዴ ሲሆን፣ አካሉ በሙሉ ከውሃ ጋር በተዋሃደ ቀለም ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ቀለሙ መርጫ ወደማይገባበት ስንጥቅ ጭምር እየተሳበ ይጣበቃል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በኢትዮጵያም ከቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚታወቀው የዚንክ ልባጥ ነው፤ ዚንክ ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ፣ ላሜራው ቢጫር እንኳ ብረቱን ይታደገዋል። ፖርሽ ለ1976 የ911 ሞዴሉ በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ተጠቅሞ የ6 ዓመት የፀረ ዝገት ዋስትና ሰጠ፤ አውዲም በ1980ዎቹ አጋማሽ የ100 ሞዴሉን አካል ሙሉ በሙሉ በዚንክ ለበጠ።

ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራን መኪና የሚያድስ ባለሙያ የሚሠራው ፋብሪካው ያልሠራውን ሥራ ነው። በዝገት ላይ ስቱኮ መለሰን በታሪክም በኬሚስትሪም ተቀባይነት የለውም፤ ስቱኮ እርጥበት ስለሚስብ ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላልና። ትክክለኛው ጥገና የተበላውን ክፍል እስከ ጤናማው ብረት ቆርጦ ማውጣት፣ በምትኩ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ ብየዳውን ዚንክ ባለበት የሥር ቀለም መሸፈን፣ በመጨረሻም በረጅም ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ሰም ወደ ባዶው ሣጥን መርጨት ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀራል።