ከአህያ ጀርባ እስከ ጭነት መኪና፤ የእህል ጭነት ታሪክ በሰሜን ሸዋ

ታሪክ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዙፋንና የጦር ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ዙፋኑም ሠራዊቱም የሚቆመው በእህል ነው፤ እህሉም ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ ገበያ ካልተጓዘ የተራበውን አያጠግብም። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የምናቀርበው ጽሑፍ ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ሸክም እንዲሆን ወሰንን።

አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፣ የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። በዚያ ጊዜ የተወቃው እህል በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ተሰጥቶ ከገለባው ከተለየ በኋላ፣ በቁና እየተሰፈረ በአቁማዳና በስልቻ ይሞላ ነበር። ከዚያም በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ጎተራ ይገባል። ገባሩም ግብሩን ማምረት ብቻ ሳይሆን እስከ ጎተራው አፍ ድረስ ማድረስ ግዴታው ነበር።

ግመል ደጋውን ለመውጣት ስለማይመች የቆላው ጭነት ከተራራው ግርጌ ይራገፍ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ የካፒቴን ሃሪስ ጓዝ እንኳ በግመል እስከ ፋሬ ከደረሰ በኋላ ዳገቱን የወጣው በሰው ትከሻ ነው።

ሃሪስ ገና በሸዋ ሳለ፣ በ1842 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ቡፋሎ በምትባለው የሐይቅ ወደብ ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ አዲስ ነገር መሥራት ዠመረ። በዚያም እስከዚያ ጊዜ ድረስ እህሉን ከመርከብ የሚያወርዱት ተሸካሚዎች ነበሩ። ዳርት ግን በረጅም ቀበቶ ላይ ትንንሽ ባልዲዎች አሰልፎ በእንፋሎት ኀይል አሽከረከራቸው፤ ባልዲዎቹም እህሉን ከመርከቡ ሆድ እየዛቁ ወደ ጎተራው ጫፍ አወጡት። አንድ ወዳጁ፣ ከሰው ጀርባ የረከሰ ማንሻ ስለማይገኝ ድካሙ ከንቱ እንደ ሆነ ነግሮት ነበር። መሣሪያው ግን በአንድ ሰዓት 270 ኩንታል ያህል ማራገፍ ስለቻለ ነቃፊው ተሳሳተ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባና የደሴ የመኪና መንገድ በደብረ ብርሃን በኩል የተዘረጋውና የጣርማ በር ዋሻ የተፈለፈለው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ከነጻነት በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት ፊያት የጭነት መኪናዎች በዚህ መንገድ ተመላለሱ። አቁማዳው ለጆንያ፣ ቁናውም ለኩንታል ቦታውን ለቀቀ። አህያ በቀናት የምትጨርሰውን ጉዞ መኪናው በሰዓታት ጨረሰው። ነገር ግን ጆንያውን ወደ መኪናው የሚያወጣው፣ ከመኪናውም የሚያወርደው ያው የቀድሞው የሰው ጀርባ ነበር።

የጭነት ነገር የሕይወት ነገር መሆኑን በ1977 ዓ.ም. አይተናል። ወሎንና ሰሜን ሸዋን ረኀብ በመታ ጊዜ፣ መኪና ሊደርስባቸው በማይችል እንደ ራቤል ባሉ ደጋማ ቦታዎች፣ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእርዳታ እህል በጆንያ ጥለዋል። መንገድ በሌለበት አገር እህል ማራገፍ እስከዚህ ድረስ ጭንቅ ነው።

ዛሬ በአርሲና በባሌ፣ እየዋለ እያደረም በሌሎች ሜዳማ አገሮች፣ ገበሬው ኮምባይነር እየተከራየ ስንዴውን ያሳጭዳል። ይህ መኪና አጭዶና ወቅቶ ፍሬውን በሆዱ ያጠራቅማል፤ ሲሞላም በረጅም ቧንቧ ይተፋዋል። በቧንቧው ውስጥ እህሉን የሚገፋው የሚሽከረከር ጠምዛዛ ብረት ነው፤ አሳቡም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው ከአርኪሜዴስ የውሃ መሳቢያ ጋር አንድ ነው። በሠለጠኑት አገሮች ተጎታች መኪናው ከጎን እየተጓዘ እህሉን ይቀበላል። አሁንማ ካሜራ የተጎታቹን ጠርዝ እያየ ቧንቧውን ወዲያና ወዲህ የሚያዞርበት፣ ነጂው እጁን ሳያነሣ ጭነቱ እኩል የሚሞላበት ብልሃት ተገኝቷል።

በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ቧንቧው እህሉን የሚያፈሰው መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እህሉ በእጅ ወደ ጆንያ ይገባል፤ ጆንያውም በትከሻ ወደ መኪና ይወጣል። ምክንያቱ የገበሬው ስንፍና አይደለም። የእያንዳንዱ ማሳ ትንሽ ስለ ሆነ የአንዱ እህል ከሌላው እንዳይቀላቀል ጆንያ ያስፈልጋል። መጋዘኑም መኪናውም የተሰናዱት ለጆንያ እንጂ እንደ ውሃ ለሚፈስ እህል አይደለም። እንግዲህ ቧንቧውን ብቻ ማምጣት አይበቃም፤ ተቀባዩም አብሮ መዘጋጀት አለበት።

በደብረ ብርሃን የእህል ገበያ ቆመን ስንመለከት፣ አንድ ሰው መቶ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ በሳንቃ ወደ መኪና ሲወጣ እናያለን። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. የሰጠው ምክር ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ሸክሙ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚል ነው። መሣሪያ ቢመጣ ያ ወገብ ያርፍ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሰው በዚያ ወገቡ ልጆቹን ያስተምራል። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠዋል። በዚህ ነገር ላይ በክፍላችን ስንከራከር፣ ሸክሙ ይቅር የሚሉትም እንጀራው አይቅር የሚሉትም እውነት እንዳላቸው ተረዳን።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። ስለዚህ የጆንያው ክብደት በግማሽ ቢቀነስ፣ ጫኝና አውራጆችም በማኅበራቸው አማካይነት የመሣሪያው ባለቤትና አንቀሳቃሽ ቢሆኑ ሁለቱም እውነቶች ሊታረቁ ይችላሉ ብለን እናምናለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፣ ቧንቧውን ከመሥራቱ በፊት ከሥሩ የሚቆመውን ሰው ያስታውስ።