መሬቱን በነፃ ቢሰጡንስ?

ከሚሴ ላይ ሥራ የያዛችሁ ልጆች ስትደውሉልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምታነሱት የቤት ኪራይ ሆኗል። «ቲቸር፣ ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ሰጥቶ፣ ገንቢ ሠርቶ፣ እኛ ቀስ እያልን ብንከፍል ምን አለበት?» ትሉኛላችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። የታሪክ መምህር ነኝና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ሆኑ። ኪራይ ስለቀነሰ ተከራዩ ደስ አለው። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው፤ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ ቀበሌውም በዚያች ኪራይ ጣሪያ መቀየር አልቻለም። የራሱን ቤት የፈለገ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ቦታ ከመንግሥት ተቀብሎ፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ይበደር ነበር። ለደመወዝተኛ መልካም ዕድል ነበር። ለቀን ሠራተኛውና ለጉልት ነጋዴዋ ግን ባንክ ሩቅ ነው።

ከሚሴ ያኔ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሲቋቋም ዋና ከተማ ሆነች። (ባቲዎች አትቆጡ፤ የሰኞ ገበያችሁን ማን ይነካዋል!) ቢሮ ሲመጣ መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ ዳኛውም ተከትሎ መጣ፤ አብዛኛው ተከራይ ሆኖ።

መንግሥትና ገንቢ በሰፊው የተጣመሩት በኮንዶሚኒየም ነው። አዲስ አበባ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር ቦሌ ገርጂ ላይ ሞከረችው። ቀጥሎ ሥራው አገራዊ ሆነና በ5 ዓመት 400 ሺህ ቤት ይሠራል ተብሎ ታቀደ። አሠራሩን ልብ በሉ፦ መሬቱ ከከተማው በነፃ ይመጣል። ገንዘቡ ንግድ ባንክ ከገዛው ቦንድ ነው። ሲሚንቶና ብረት በጅምላ ይገዛል። ብሎኬቱን፣ በርና መስኮቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ይሠራሉ፤ ሕንፃውን ተቋራጭ በተቆረጠ ዋጋ ያቆመዋል። ቤቱ በዕጣ ይወጣል፣ 30 በመቶው ለሴቶች። ሱቆቹ ደግሞ በጨረታ ተሸጠው የትንንሾቹን ቤቶች ዋጋ ይደጉማሉ። እኔ በበኩሌ ይህን አሠራር አደንቃለሁ። እስከ 2002 ወደ 171 ሺህ ቤት ተሠራ።

ግን በዚያው ጊዜ ከአዲስ አበባ ውጭ ሥራው ቆመ። ለምን? ቤቱ የታሰበለት ሰው ቅድሚያ ክፍያውን ማምጣት አቃተው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፦ 100 ሺህ ብር የተተመነ ቤት በ20 በመቶ ቢታሰብ 20 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በወር 200 ብር ለሚያስቀምጥ ሰው 100 ወር ነው፤ ከ8 ዓመት በላይ! በትንንሽ ከተሞች ሕዝቡ ፎቁንም አልወደደውም። ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቢሆንም ግቢ የለመደ ሰው የአረፋን በግ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ይሰር?

አሁን የሚወራው ጥምረት ሌላ ነው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 በ2010 ወጣ፤ አዲስ አበባም ለሪል ስቴት ገንቢዎች መሬት እያቀረበች ውል ትገባለች። እዚያ መሬቱ ራሱ ወርቅ ነው፤ እሱን በነፃ መስጠት ከቤቱ ዋጋ ትልቅ ቁራጭ ያነሳል። ከሚሴ ላይ ግን ይበልጥ የሚከብደው በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ሲሚንቶና ብረት ነው። መሬቱን ብታነሱለትም ዋጋው ያን ያህል አይወርድም፤ ገንቢው ደግሞ ትርፉን ይጨምርበታል። በኮንዶሚኒየሙ ጊዜ ዕዳውን መጀመሪያ የተሸከመው መንግሥት ነበር። በአዲሱ ውል ማን እንደሚሸከመው በግልጽ ካልተጻፈ፣ ገዢው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ለእኛ ከተማ የሚቀርበው ማኅበሩ ይመስለኛል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መንግሥት ለፈቀደው የራስ አገዝ ቤት ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። ቤቱም በአንዴ ማለቅ የለበትም፤ አንዷን ክፍል ቆርቆሮ አልብሶ ገብቶ፣ ሊሾውን ለከርሞ ማቆየት ይቻላል። ማዘጋጃ ቤቱ ገንቢ ማምጣት ከፈለገ ሙሉ ቤት አሠርቶ ከሚያሸጥ፣ የማኅበሩን አባላት ሁሉ መሠረት፣ ቋሚና ጣሪያ በአንድ ውል ያሠራላቸው፤ ብረቱንና ሲሚንቶውንም እንደ ኮንዶሚኒየሙ ጊዜ በጅምላ ይግዛላቸው። ግድግዳው ለደቦ ይቀራል፤ ለደቦ ደግሞ ከሚሴ አስተማሪ አያስፈልጋትም።