ስንፈተ ወሲብና የልብ ደም ቅዳ፦ ከጉባ ቆላ ሲታይ

የጉባ ስም ዛሬ የሚነሣው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው፤ በሐኪሞች ዘንድ ደግሞ በወባ። በዚህ ቆላ ጤና ጣቢያ የደረሰ ወንድ ትኩሳቱንና ብርድ ብርድ ማለቱን ያለ ሐፍረት ይዘረዝራል። ብልቱ አልቆም ሲል ግን፣ እንደ ብዙው የአገራችን ወንድ፣ ወይ ይደብቀዋል፣ ወይ ድግምት ነው ይላል፣ ወይ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ቪያግራ» በሹክሹክታ ይጠይቃል። ልቡን የሚያስታውሰው የለም።

ወደ ብልት የሚሄደው ደም ቅዳ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልቡ ከ3 እስከ 4። ግፊት፣ ስኳርና ትምባሆ የሁለቱንም ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳሉ። የተጎዳ ሽፋን የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደ ልብ አያመነጭም። በዚያ ላይ ስብ ሲጋገር ጠባቡ ቀድሞ ይቸገራል፤ ሰፊው ብዙው እስኪደፈን ድረስ ሕመም ላያሰማ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሞንቶርሲ የተባለ ሐኪም ቡድን በጣሊያን ደረታቸውን ታመው የመጡና የልብ ደም ቅዳቸው መጥበቡ በምስል የተረጋገጠ 300 ወንዶችን አጠና። 49 በመቶው ስንፈተ ወሲብ ነበረባቸው፤ ከእነዚህ 67 በመቶው ችግሩ የጀመራቸው ከደረት ሕመሙ በፊት፣ በአማካይ 39 ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ሦስት ዓመት ለሐኪም ብዙ ጊዜ ነው። በእርግጥ ጭንቀትና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ይህንኑ ያመጣሉ፤ ንጋት ላይ ብልቱ እንደ ወትሮው የሚቆም ሰው ጉዳዩ ከደም ሥር ይልቅ ከሐሳብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በእኛ አገር፣ በማዕከላዊና ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገና በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከስኳር ሕሙማን ወንዶች 69.9 በመቶው ስንፈተ ወሲብ እንዳለባቸው አሳይቷል። የአንድ ጊዜ ቅኝት ስለሆነ ማን በኋላ ልቡን እንደታመመ አይነግረንም። ቁጥሩ ግን የስኳር ክትትል ክፍል ሁሉ ጥያቄውን በራሱ አንደበት ማንሣት እንዳለበት ለማሳየት ይበቃል፤ ታማሚው አያነሣውም።

የልብ ደም ሥርን በምስል የሚያይ መሣሪያ ከጉባ ሩቅ ነው። ለመጀመር ግን የግፊት መለኪያ፣ የጣት ደም የስኳር ምርመራና ስለ ትምባሆ አንድ ጥያቄ ይበቃሉ። «ቪያግራ» የሚባለው ሲልደናፊል ራሱ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። መድኃኒት የምትሸጡ ባለሙያዎች፣ ክኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት «ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የምታደርገው መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክኒኑ ናይትሬት ከሚባለው ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የሰውየውን ግፊት እስከ ሞት ሊያወርደው ይችላል።